4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 9ኛ ክፍል ናት። መምህራቸው ይህ ቁጥር ብቸኛ (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መሆን አለመሆኑን አሳዩ ብሏቸዋል። መጨረሻው 7 ስለሆነ በ2 እና በ5 አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ናቸው፤ ስለዚህ በ3ም አይካፈልም። ከዚያ በስልክ ካልኩሌተር እስከ 97 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሞከርን። አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለውም። እስከ ስንት እንሂድ? ሰኞ ታስረክባለች፣ እባካችሁ እርዱን።

የማታ ተማሪ፦ ስኩዌር ሩቱ ላይ ስትደርሱ ታቆማላችሁ። ከሁለት ተባዦች አንዱ የግድ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። የዚህኛው 65,536 አካባቢ ነው። ችግሩ፣ እስከዚያ ድረስ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። እስከ ሰኞ አያልቅም።

መምህር ነኝ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን ልብ ብለህ እየው። 2 ለ32 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ነው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ በ32 ቦታ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሲገባ የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ ቀጣዩም ብቸኛ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ቀጣዩ እንግዲህ ያንተ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 ሌላው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር አካፋይ አገኘለት። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ መንገዱ ነው። የዚህ ቁጥር አካፋይ የሆነ ብቸኛ ቁጥር ሁሉ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። ስለዚህ የምትሞክሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያላችሁ ነው። አምስተኛው ላይ ታገኙታላችሁ። ማካፈሉን ግን እህትህ ራሷ ትሥራው።

ጠያቂው፦ ሠራችው! 641 × 6,700,417 ሆነ። እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ሳናካፍል ማሳየትስ ይቻላል? ደግሞስ 6,700,417 ራሱ ብቸኛ ነው?

ቁጥር ወዳጅ፦ ይቻላል፣ በጣምም ያምራል። 640 ማለት 5 × 128፣ ማለትም 5 × 2⁷ ነው። 640 ለ641 ሲካፈል 1 ይጎድለዋል፤ ቀሪውን −1 በሉት። አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ቀሪው 1 ይሆናል። ይህ ማለት 625 × 2²⁸ ቀሪው 1 ነው። አሁን 641 = 625 + 16 መሆኑን እዩ። ስለዚህ በ625 ቦታ −16 ማስገባት ይቻላል። 16 ደግሞ 2⁴ ነው። −2³² ቀሪው 1 ሆነ ማለት ነው። እንግዲያው 2³² + 1 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ የ6,700,417 ስኩዌር ሩት 2,588 ገደማ ነው። የ64ቱ ደንብ ለሱም ይሠራል። ከ641 በታች ያሉት አራቱ ቀድመው ወድቀዋል። የቀሩት 641፣ 769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601 እና 2,113 ብቻ ናቸው። ሰባቱንም ሞክሯቸው፤ አንዱም አያካፍለውም። ብቸኛ ነው።

ጠያቂው፦ ሰባቱንም ሞከርን፣ እንዳልከው ነው። ደብተሯ ላይ የቁጥሩ አካፋዮች 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ ናቸው ብላ ጻፈች። የ16ቷን ነገር ለብቻዋ እንደገና እየሠራችው ነው።