ለክረምት ጉዞ የሚሆን እሳት ማያያዣ እቤት የሠራ አለ?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ እያልን ተራራ የምንወጣ ጓደኛሞች ነን። ሻይ ማፍላቱ እኔ ላይ ወድቋል። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ሁሉ ይረጥባል፤ ክብሪቱ ያልቃል፣ የሚወጣው ጭስ ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛችን ላምባ በሃይላንድ ይዞ ይመጣል። ቦርሳው ይሸታል፣ ዳቦው ይሸታል፣ ሻዩ ሳይቀር ላምባ ላምባ ይላል። እቤት ሠርቼ የምይዘው ነገር ንገሩኝ። ተከራይ ነኝ፣ ያለኝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። አከራዬ ደግሞ ጭስ አይወዱም።

የአናጺ ልጅ፦
ሰጋቱራና ሻማ ይበቃሻል። ሰጋቱራውን ጣውላ ከሚሰነጥቁ ሰዎች ጠይቂ። የቺፑድና የኮምፔንሳቶ ብናኝ ግን ሙጫ አለበት፤ ጭሱ ለሻይ አይሆንም። የእንቁላል ትሪ ፈልጊ፣ የወረቀቱን እንጂ የፕላስቲኩን አይደለም። ጉድጓዶቹን በሰጋቱራ ሙያቸው፤ አትጠቅጥቂው፣ አየር ይፈልጋል።

የሻማ ቁርጥራጩን ቆርቆሮ ውስጥ ጨምረሽ፣ ቆርቆሮውን ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጪው። ሻማ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ውሃው መንተክተክ የለበትም። በቀጥታ ምድጃ ላይ እንዳትጥጂው! እሳት ከያዘው ክዳን ግጠሚበት። ውሃ ካፈሰስሽበት ነበልባሉ ጣሪያ ድረስ ይዘላል። የቀለጠውን ሰጋቱራው ላይ አፍስሺ፤ ሲደርቅ በመቀስ ቆራርጪው።

የፒያሳዋ፦
ተባረክ ወንድሜ። ዝናብ ቢመታውስ?

የአናጺ ልጅ፦
ሻማው ውሃ አያስገባም። ስትለኩሺው ጠርዙን ቀደድ አድርጊና ደረቁን ወረቀት አውጪ።

አራት ኪሎ፦
ይሄን ሁሉ ምን አደከማችሁ? ጥጥ በቫዝሊን ለውሶ በመድኃኒት ብልቃጥ መያዝ ነው። ንጹህ ጥጥ ይሁን፤ ሰው ሠራሹ ይቀልጣል እንጂ እንዲህ አይነድም። ደግሞ ዘርዘር አድርጊው፣ እንደተድበለበለ እሳት አይቀበልም።

እናት ከአፍንጮ በር፦
ልጄ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ እየኖርሽ ጧፍ ረሳሽ? የጥጥ ክር በሰም ተነክሮ፣ የምትለፉበት ነገር እኮ ተሠርቶ ይሸጣል! አጠር አጠር አድርገሽ ቁረጪና ሦስት አራቱን ባንድ እሰሪ። ለስለት ከተገዛው ላይ ግን እንዳትነኪ።

ጭራሮም ከቤት ያዢ። ደረቅ የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ ቦግ ይላል። ወፍራሙን እንጨት ደግሞ ፍለጡት፤ ላዩ ቢረጥብም ውስጡ ደረቅ ነው። ጥብቅ ደን ከሆነ መጀመሪያ ጥበቃውን ጠይቁ።

የፒያሳዋ፦
እሺ እማዬ፣ ጧፉን ነገ እገዛለሁ። ሰጋቱራውን አከራዬ ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቄ ነው።