ዴኒስ ሮድማን ነጥብ ሳያበዛ እንዴት ታላቅ ተባለ?

ጥያቄ፦
ዴኒስ ሮድማን በኤንቢኤ (በአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ) ዘመኑ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው 7.3 ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ የሰበሰበው ሪባውንድ (ተወርውሮ ሳይገባ የተመለሰን ኳስ መያዝ) ግን 13.1 ነበር። ቁመቱም 2.01 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከቅርጫቱ ሥር ከሚገጥሙት ሴንተሮች (ቅርጫቱ አጠገብ ከሚጫወቱት ረጃጅም ተጫዋቾች) ብዙዎቹ በቁመት ይበልጡት ነበር። ታዲያ ከ1992 እስከ 1998 (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) በተከታታይ ለሰባት የውድድር ዘመን ሊጉን በሪባውንድ የመራው በምን ብልሃት ነው? ሪባውንዱስ ቡድኖቹን ጠቅሟል ወይስ የራሱን ስም ብቻ?

የመጀመሪያ መልስ፦
ብዙዎች ዝላዩን ያነሳሉ፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥናቱ ነው። ሮድማን ራሱ እንደተናገረው፣ ሌሎች ወደ ቅርጫቱ ሲወረውሩ ቆሞ ኳሱ ከየትኛው ማዕዘን ሲመጣ ወዴት እንደሚነጥር ይከታተል ስለነበር፣ ተጋጣሚዎቹ ኳሱ ቀለበቱን እስኪነካ ሲጠብቁ እርሱ ቦታውን ቀድሞ ይይዝ ነበር። በሁለት እጁ መያዝ ካልቻለ በጣቶቹ ጫፍ ገፍቶ ከግርግሩ ያወጣውና ተከትሎ ይወስደዋል። በ1986 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት በሁለተኛው ዙር 27ኛ ሆኖ የተመረጠበት የዲትሮይት ቡድን፣ ነጥብ አስቆጣሪዎቹ እነአይዛያ ቶማስና ጆ ዱማርስ ስለነበሩት ከእርሱ ነጥብ አይፈልግም ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሙሉ ጉልበቱን ለመከላከልና ለሪባውንድ ለማዋል ቻለ። በ1991–92 ያስመዘገበውን በአንድ ጨዋታ የ18.7 ሪባውንድ አማካይ ከእርሱ በኋላ የደረሰበት ተጫዋች የለም።

ሁለተኛ መልስ፦
ስለ ችሎታው ክርክር የለኝም፤ ጥያቄው ሁለተኛ ክፍሉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሮድማን ከዲትሮይት በኋላ የተጫወተበት ሳን አንቶኒዮ በ1995 የምዕራብ ኮንፈረንስ (ከሊጉ ሁለት ምድቦች አንዱ) ፍጻሜ በሂውስተን ሲሸነፍ፣ ሮድማን ከቅርጫቱ ሥር አልርቅ በማለቱ የሂውስተኑ ሮበርት ሆሪ ከርቀት በነጻነት እንዲወረውር ዕድል ሰጥቷል ተብሎ ተተችቷል። ክለቡም በዚያው ዓመት ዊል ፐርዱ የተባለውን ተጫዋች ብቻ ተቀብሎ ሮድማንን ለቺካጎ አሳልፎ ሰጥቶታል፤ ከአሰልጣኞቹ ጋር የነበረው አለመግባባት ቢታከልበትም፣ ለሊጉ የሪባውንድ መሪ ይህ እጅግ አነስተኛ ዋጋ ነው።

ሦስተኛ መልስ፦
ከዚያ ዝውውር በኋላ የሆነውንም ማየት ይገባል። ቺካጎ በሦስት ዓመት ሦስት ዋንጫ ወሰደ። በ1996 ፍጻሜ ከሲያትል ጋር በተደረጉት ሁለተኛና ስድስተኛ ጨዋታዎች ሮድማን ቡድኑ ከሳታቸው ኳሶች በየጨዋታው 11 መልሶ አግኝቷል፤ ማይክል ጆርዳን በስድስተኛው ጨዋታ ከወረወራቸው 19 ኳሶች ያስገባው 5ቱን ብቻ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ የተመለሰ ኳስ ሌላ የማጥቃት ዕድል ነበር። የሲያትሉ አሰልጣኝ ጆርጅ ካርል ራሳቸው ሁለት ጨዋታዎችን ያሸነፋቸው ሮድማን እንደሆነ መስክረዋል።