ምድር ቤት ያሉ ጌሞቼን ከእርጥበት እንዴት ላድናቸው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አማክሩኝ። ስታዲየም አካባቢ፣ የምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የጌም ክፍል አለኝ። የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲዎችና ከታላቅ ወንድሜ የወረስኳቸው የኔንቴንዶ ካሴቶች ሁሉ እዚያ ናቸው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ግድግዳው ያልበዋል። ትናንት አንዱን ካሴት ሳወጣ የብረት ጥርሶቹ አረንጓዴ ሆነዋል። የሲዲ ሽፋኖቹም ተጣብቀዋል፣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ።

ጥርሶቹን በአልኮልና በጥጥ ጠረግኳቸው። መደርደሪያውንም ከግድግዳው አራቅኩት። አሁን ሁሉንም ክዳኑ ጥብቅ የሚል ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጡት ትንንሽ ፍሬዎች) ጋር ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ግን ካሴቶቹ ራሳቸው እርጥበት ይዘው ከሆነ፣ አፍኜ መዝጋቴ አይብስባቸውም? መጀመሪያ ወደ ላይኛው ቤት አውጥቼ ላናፍሳቸው? እርጥበት የሚመጥ ማሽን የገዛችሁስ፣ መብራት ሲቆራረጥ እንዴት ታደርጋላችሁ? እነዚህ ዕቃዎች ከጠፉ ዳግም አላገኛቸውም፤ የምታውቁ ንገሩኝ።