ሜዲኬይድ የልጄን የጂን ምርመራ አልከፍልም አለ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የናቲ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ እስካሁን አፉን አልፈታም። ሁለቴ ደግሞ አንዘፍዝፎታል። የነርቭ ሐኪሙ የጂን ምርመራ አዘዘለት፣ ኢንሹራንሱ፣ ማለትም ገቢያችን ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው ሜዲኬይድ፣ አልከፍልም ብሎ ደብዳቤ ላከ። ዛሬ ከላብራቶሪው ደውለው "ካልከፈሉ ራሴ እከፍላለሁ የሚል ወረቀት ፈርሚና እንቀጥል" አሉኝ። ልፈርም? ነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋሉ።

ሹፌሩ፦ አይዞሽ እህቴ። ታናሽ ወንድሜ እስከ 4 ዓመቱ ትንፍሽ አላለም፣ ዛሬ ስልክ ከያዘ ዝም የሚያሰኘው የለም። ወንድ ልጅ ይዘገያል። ምርመራው ምን ያደርጋል?

ነርስ ነኝ፦ ወንድሜ፣ ልጁ አንዘፍዝፎታል እኮ። ይሄ ቆይ ነገ የሚባል አይደለም። መንስኤው ከታወቀ መድኃኒቱ ራሱ ሊቀየር ይችላል፤ በጂን የሚመጣ የሚጥል በሽታ አለ፣ አንዳንዱን የተለመደው መድኃኒት ያብስበታል። የናቲ እናት፣ ምንም እንዳትፈርሚ! ደብዳቤው መቼ ተጻፈ? ምርመራውስ የትኛው ነው?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ሕጉን እወቂ። ኢፒኤስዲቲ የሚባል አለ። 1967 ወጣ፣ 1989 ተጠናከረ። ሜዲኬይድ ያለው ልጅ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ ለሕክምናው አስፈላጊ የሆነውን የሜዲኬይድ አገልግሎት ስቴቱ መሸፈን አለበት፤ ለአዋቂ የማይሸፍነውን እንኳ። የኛ ሰው "አይሆንም" የሚል ወረቀት ሲመጣለት አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ወረቀቱ ላይ እኮ የይግባኝ መብትሽ ተጽፏል፣ ገልብጠሽ አንብቢው።

ሰናይት፦ ይግባኝ በይ፣ አፒል አድርጊ።

የናቲ እናት፦ ደብዳቤው ማርች 3 ይላል። 81415 የሚል ቁጥር አለው። የእንግሊዝኛው ነገር ከብዶኝ አስቀምጬው ነበር።

ነርስ ነኝ፦ ዛሬ ኤፕሪል 27 ነው። ይግባኙ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው፣ ሜይ 2 ያልቃል። 5 ቀን ቀርቶሻል! ነገ ካርድሽ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውዪ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በነፃ ነው። "አፒል ማድረግ እፈልጋለሁ" በይ፣ ያነጋገረሽን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፊ። በፋክስም ላኪው። 81415 ኤክሶም የሚባለው ሰፊው ምርመራ ነው። ኢንሹራንሶች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ 81229ን፣ ማይክሮአሬይ የሚባለውን የክሮሞሶም ምርመራ፣ አሳዩን ይላሉ። እሱ ተሠርቶለታል?

የናቲ እናት፦ አዎ! አምና ሌላ ሆስፒታል ደም ወስደውለት ምንም አልተገኘም ብለውኝ ነበር። እሱ ይሆን?

ነርስ ነኝ፦ እሱ ከሆነ ውጤቱ ለኢንሹራንሱ አልደረሰ ይሆናል። ከዚያ ሆስፒታል የሕክምና መዝገብ ክፍል ውጤቱን ወስደሽ ለነርቭ ሐኪሙ አድርሺ። እሱ ደግሞ የኢንሹራንሱን ሐኪም በስልክ ያነጋግር፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል። መደበኛው ይግባኝ በ30 ቀን ይመለሳል። ሐኪሙ አጣዳፊ ነው ካለ በ72 ሰዓት። እንደገና እምቢ ካሉ 120 ቀን አለሽ፣ ስቴቱ ዘንድ ችሎት ትጠይቂያለሽ።

ሰናይት፦ እኔም አልኩ፣ አፒል አድርጊ።

ሹፌሩ፦ ይቅርታ እህቴ፣ መንዘፍዘፉን ሳላስተውል ነው የጻፍኩት። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ ይሄ ውጤት መዝገብ ላይ ሲገባ ነገ ልጁን ሥራ አያስከለክለውም?

ጡረተኛው፦ በ2008 የወጣ ጂና የሚባል ሕግ አለ። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪም የጤና ኢንሹራንስም በጂን ውጤት ሊያገሉት አይችሉም። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይጨምርም፣ ይሄን እወቁ።

የናቲ እናት፦ አባቱ አዲስ አበባ ነው። የሱም ናሙና ያስፈልጋል ብለው ነበር፣ ከሌለ አይሠሩም?

ነርስ ነኝ፦ የእናትና የአባት ቢኖር ይሻላል፣ ባይኖርም ይሠራል። ያንቺ ብቻም ሊበቃ ይችላል፣ ሐኪሙን ጠይቂው። ለላብራቶሪው ደግሞ "ሜዲኬይድ አለኝ፣ ይግባኝ ላይ ነኝ፣ አልፈርምም" በያቸው።

የናቲ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔ እህት። ነገ ጠዋት 8:30 ሲከፍቱ እደውላለሁ።

ነርስ ነኝ፦ የናቲ እናት፣ ዛሬ ሜይ 2 ነው። ፋክሱ ሄደ?

ሰናይት፦ እኔም ያው ደብዳቤ መጥቶልኛል። ቨርጂኒያ ነኝ። ቀኑ የት ጋ ነው የተጻፈው?