የማጨጃ ዴክ ጊርቦክስ አልቋል፤ ልጠግነው ወይስ ሙሉውን ልቀይረው?

አዲስ አጫጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሣር ማጨጃ ዴኩ ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለ አነስተኛ ትራክተር አለኝ። ኃይሉ ከትራክተሩ ፒቲኦ (የሞተሩን ኃይል ለተቀጥላ መሣሪያ ከሚያወጣው የዘንግ ጫፍ) ተነስቶ በካርዳን ዘንግ ወደ ዴኩ ይመጣል፤ እዚያ ከዴኩ አናት ላይ የታሰረው ጊርቦክስ አግድም የሚመጣውን ዙር በ90 ዲግሪ አጥፎ ወደ ታች ይልከዋል፤ በመውጫ ዘንጉ ላይ ያለው ፑሊ ደግሞ በቺንጋ አማካይነት ሦስቱን ቢላዎች ያዞራል።

ካለፉት ጥቂት ሳምንታት ወዲህ ፒቲኦውን ባስገባሁ ቁጥር ከጊርቦክሱ የወፍጮ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ቺንጋውን ጠርጥሬ ነበር፤ አውጥቼው ብሞክርም ድምፁ አልጠፋም። ከፑሊው በላይ ያለው ቦታ ሁሉ በዘይትና በሣር ብናኝ ተለውሶ ጭቃ መስሏል። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ የመግቢያ ዘንጉን በእጄ ስነቀንቀው ወደ ላይና ወደ ታች በዓይን እስኪታይ ድረስ ይላወሳል፤ ስገፋውና ስስበውም እንዲሁ። ዘይቱን ሳፈስ ሊኖር ከሚገባው ግማሽ ያህሉ ብቻ ወጣ፤ እሱም ጠቁሯል፤ በብርሃን ሲታይ ደግሞ እንደ ብር ያብለጨልጫል።

ኩሽኔታዎቹንና ኦይል ሲሎቹን (ዘይት እንዳይወጣ በዘንጉ ዙሪያ የሚዘጉትን ቀለበቶች) ብቻ ብቀይር ይበቃል ወይስ ሙሉውን ጊርቦክስ መግዛት ይኖርብኛል? በመልክም በመጠንም የእኔን የሚመስል፣ የሌላ አምራች የሆነ ርካሽ ጊርቦክስ አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን ስለ ውስጡ የተጻፈ ምንም ነገር የለውም።

እጀ ግራሶ፦

ወዳጄ፣ ሳይከፍቱት አይወስኑ። ኩሽኔታና ኦይል ሲል በቁጥራቸው ተፈልገው የሚገኙ መደበኛ ዕቃዎች ናቸው። ማርሾቹ ግን እርስ በርስ ተላምደው የሚሠሩ ጥንዶች ስለሆኑ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ ያኔ ወጪው ወደ ሙሉ ጊርቦክስ ስለሚጠጋ ጥገናው ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚወሰነው በጥርሶቹ ሁኔታ ነው።

ከዴኩ ላይ ሲያወርዱት ቢላዎቹ እንዳይዞሩ በእንጨት ያግዷቸው። ሽፋኑን ከፍተው ውስጡን በናፍጣ ካጠቡ በኋላ እያንዳንዱን ጥርስ በብርሃን ይመልከቱ። የሚነካካው ገጽ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ማርሹ ገና ዕድሜ አለው። እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተቦረቦረ ከሆነ ብረቱ ከጫና ብዛት ዝሏል ማለት ነው። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ የተለወጠ ቀለም ያለዘይት ሠርቶ መጋሉን ያመለክታል፤ ጫፉ እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ ወይም የተሸረፈ ጥርስ ካዩ ደግሞ ስለ ጥገና ማሰቡን ይተዉት።

ያፈሰሱትን ዘይት ገና ካልደፉት በጣቶችዎ መካከል ያሹት። እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ የቆየ መፋተግ ነው፤ ቅርፊት የመሰለ ስባሪ ካገኙ ግን ከኩሽኔታ ወይም ከጥርስ ላይ የተላጠ ብረት ስለሆነ ምንጩን ሳያገኙ መልሰው አይግጠሙ። ዘይቱ ወተት ቢመስል ኖሮ ውኃ ገብቶበታል እልዎት ነበር፤ የእርስዎ ችግር እሱ አይመስልም።

የኩሽኔታው ቁጥር በቀለበቱ ጎን ላይ ተቀርጿል። ለምሳሌ 6206 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ሲያባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት፣ 30 ሚሊሜትርን፣ ያገኛሉ፤ ውጩ 62፣ ውፍረቱ 16 ነው። 30206 ደግሞ ያው 30 በ62 ይሁን እንጂ ሾጣጣ ሮለር ያለው ስለሆነ በ6206 ቦታ አይገባም። በኦይል ሲሉ ላይ 35-62-10 ተብሎ ቢጻፍ የዘንጉ፣ የቤቱ (ሲሉ የሚገባበት ቀዳዳ) እና የውፍረቱ ልክ በቅደም ተከተል ነው።

የመስክ ሰው፦

እኔ በዚህ ላይ ጥቂት እለያለሁ። ኩሽኔታ ለረጅም ጊዜ ልቅ ሆኖ ሲሠራ የውጭ ቀለበቱ በጊርቦክሱ አካል ውስጥ መዞር ይጀምርና የተቀመጠበትን ቤት ያሰፋዋል። አዲሱ ኩሽኔታ በእጅ ግፊት ብቻ ዘልቆ ከገባ ቤቱ ሰፍቷል፤ በማጣበቂያ አስሮ መሥራት የአንድ ወቅት መፍትሔ ነው። እንዲህ ከሆነ ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

ነገር ግን ስለዚያ ርካሽ ጊርቦክስ ልንገርዎ፤ ይህ ስሕተት በራሴ ላይ ደርሷል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ልክ ስለገጠሙልኝ ብቻ ገዝቼ አሰርኩት፤ ፒቲኦውን ሳስገባ ቢላዎቹ ወደ ኋላ ዞሩና ሣሩን በደነዘው ጀርባቸው ይደበድቡት ጀመር። ምክንያቱን ከፍቼ ሳየው ቀላል ነበር፤ የመውጫው ማርሽ ከመግቢያው ማርሽ በላይ ወይም በታች መቀመጡ የዙሩን አቅጣጫ ይወስናል፤ ይህ ደግሞ ከውጭ በኩል ፈጽሞ አይታይም።

ከአቅጣጫው ይልቅ የሚያሰጋው ግን የዙር ብዜቱ፣ ማለትም መግቢያው አንድ ጊዜ ሲዞር መውጫው ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ነው። ብዙ ትራክተሮች የኋላ ፒቲኦአቸው በደቂቃ 540፣ ከሆድ ሥር ያለው ደግሞ ወደ 2000 ገደማ ስለሚዞር ለአንደኛው የተሠራ ጊርቦክስ ለሌላው አይሆንም። 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቢላ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 78.5 ሜትር ይጓዛል፤ በተሳሳተ ብዜት ምክንያት ዙሩ በሩብ ቢጨምር 98 ሜትር ይደርሳል። የአሜሪካ የሣር ማጨጃ ደረጃ የሚፈቅደው ጣሪያ በደቂቃ 19,000 ጫማ፣ ይኸውም በሰከንድ 96.5 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱንም ጊርቦክሶች የመግቢያ ዘንግ በእጅ 10 ጊዜ አዙረው የመውጫው ዘንግ ስንት ጊዜና ወዴት እንደዞረ ያነጻጽሩ። የዘንጎቹን ውፍረትና ርዝመት፣ የጥርሶቻቸውን ብዛትና የሚሸከሙትን የፈረስ ጉልበትም አይርሱ።

አዲስ አጫጅ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ከፈትኩት። ጥርሶቹ ሁሉም ጤነኞች ናቸው፤ በአንዱ ላይ ብቻ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ አየሁ። የፊተኛው የመግቢያ ኩሽኔታ ግን መያዣው (ኳሶቹን ወይም ሮለሮቹን አራርቆ የሚይዘው ክፍል) ተሰባብሮ ነው ያገኘሁት። ቤቶቹ አልሰፉም፤ አዲሱን ለማስገባት ፕሬስ አስፈልጓል። በመውጫ ዘንጉ ላይ፣ ልክ ኦይል ሲሉ በተቀመጠበት ቦታ፣ የናይለን ገመድ ተጠምጥሞ ሲሉን በልቶታል፤ በዘንጉ ላይም በጥፍር የሚዳሰስ ቦይ ቀርቷል። ሌላው ያስገረመኝ በክዳኑ ላይ መተንፈሻ መኖሩ ነው፤ በጭቃው ተደፍኖ ስለነበር እስከ ዛሬ አላየሁትም።

የቶርኖ ልጅ፦

እንግዲያው ይጠገናል። ቦይ በተቆፈረበት ዘንግ ላይ አዲስ ሲል ቢያስገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና ያፈሳል። ውፍረቱ 0.3 ሚሊሜትር የማይሞላ የብረት እጅጌ በቦዩ ላይ ቢያለብሱት የሲሉን ልክ መለወጥ ሳያስፈልግ ገጹ አዲስ ይሆናል፤ እጅጌው ካልተገኘ ሲሉን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አዘዋውሮ ከንፈሩ ያልተቦረቦረ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። ጸደይ ያለው ከንፈር ወደ ዘይቱ ይዙር፤ ዘንጉ ላይ ከማስገባትዎ በፊትም ዘይት ይቀቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማርሾቹን አቀማመጥ በሚያስተካክሉት ስስ ማካካሻ ቀለበቶች ነው። ሲፈታ ከየት እንደወጡና ስንት እንደሆኑ ካልተመዘገበ መልሶ መገጣጠሙ ግምት ይሆናል። ማርሾቹ ፈጽሞ ተጣብቀው መያዝ የለባቸውም፤ አንዱን አስሮ ሌላውን በጥቂቱ ሲያወዛውዙት ትንሽ ክፍተት መሰማት አለበት። ልኩ በመመሪያው ይገኛል፤ በዚህ መጠን ባሉ ጊርቦክሶች ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ ጥቂት ጥርሶችን ቀለም ቀብተው በእጅ ያዙሩና አሻራውን ይመልከቱ፤ በጥርሱ መሐል ወይም ትንሽ ወደ ውስጠኛው፣ ወደ ጠባቡ ጫፍ፣ ካረፈ ይተዉት፤ ጫና ሲመጣ አሻራው ወደ ውጭ ይሸሻልና። ጥርሱ ጠርዝ ላይ ብቻ ከነካ ቀለበቶቹን ያስተካክሉ። ያቺን ትንሽ ጉድጓድ ግን አይጨነቁባት።

ኩሽኔታዎቹ ሾጣጣ ከሆኑ ምንም ሳይላወሱ፣ በእጅ ሲዞሩ ግን ጥቂት እስኪከብዱ ድረስ ይጥበቁ። በዘንጉ ላይ በመዶሻ ከማስገባት ይልቅ እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ቢያሞቋቸው በቀላሉ ይወርዳሉ።

እጀ ግራሶ፦

ገመዱና የተደፈነው መተንፈሻ የታችኛውን መፍሰስ ያስረዳሉ፤ አየሩ ሲግል መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። የፊተኛው ኩሽኔታ መሰባበር ግን ከዘይት ማነስ የተነሳ ብቻ አይመስለኝም። የካርዳን ዘንጉን ሁለት ተንሸራታች ክፍሎች ለያይተው ይመልከቷቸው፤ ዴኩን ወደ ላይ ሲያነሱ ዘንጉ አጥሮ አጥሮ መጨረሻው ላይ ከደረሰ ጊርቦክሱን እንደ ጦር ይወጋዋል። በጣም ባጠረበት ቦታ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ያህል ትርፍ መንሸራተቻ ሊኖረው ይገባል። የክሮቸራዎቹም (ዘንጉ የሚተጣጠፍባቸው መስቀል መሰል መገጣጠሚያዎች) ሹካዎች በሁለቱ ጫፎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ያረጋግጡ።

አዲስ አጫጅ፦

እውነትም የውስጠኛው ክፍል ጫፍ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ተከፍቷል። ለካ ዴኩን ሙሉ በሙሉ ሳነሳ እሰማው የነበረው «ጓ» የሚል ድምፅ እሱ ነበር። 30 ሚሊሜትር ቆርጬ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩት። ጊርቦክሱ በአዲስ ኩሽኔታ፣ በእጅጌና በሲሎች ተገጥሟል፤ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 የማርሽ ዘይት እስከ መለኪያ ብሎኑ ደረጃ ሞላሁት። ያለቢላ ለግማሽ ሰዓት አሠርቼ ሳየው ሞቅ ብሏል እንጂ እጅ አያቃጥልም፤ ወፍጮውም ዝም ብሏል። ዘይቱን ከስንት ሰዓት ሥራ በኋላ ልቀይረው?

እጀ ግራሶ፦

ከመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት በኋላ ትኩስ እያለ ያፍስሱት፤ አሮጌው ብናኝ ምንም ያህል ቢታጠብ ጥግ ጥጉ ላይ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ መመሪያው የሚለውን ይከተሉ። መተንፈሻውን በየጊዜው ይጥረጉ፤ ፑሊው ሥር ገመድ መኖሩንም በእጅዎ እየዳሰሱ ይመልከቱ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም በኪስዎ ሆኖ።