ዋጋው እስኪጨምር ልጠብቅ ወይስ ኪራዩን ልብላ?

ጥያቄ
በባንክ ብድር ገዝቼ የማከራየው ቤት ፈልጌ ሁለት አየሁና መወሰን አቃተኝ። አንዱ አዲስ ነው፤ አካባቢው ገና እየተገነባ ነው። ኪራዩ 100 ቢሆን የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ 115 ነው። በየወሩ 15 ከኪሴ ልጨምር ማለት ነው። ደላላው "በ5 ዓመት እጥፍ ይሆናል" ይላል። ሌላው አሮጌ ነው፤ ዋጋው ብዙም የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ግን ከ100 ኪራይ ለባንክ የሚሄደው 55 ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትገዙ ነበር?

መልስ 1
የራሴን ልንገርህ። እኔ እንደ አዲሱ ያለ ነው የገዛሁት። ዋጋው ይጨምራል ብዬ በየወሩ ከደሞዜ እጨምር ነበር፤ መጀመሪያ አልከበደኝም። ከዚያ ተከራዩ ለቀቀና ቤቱ 4 ወር ባዶውን ቆመ። በሦስተኛው ወር የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ፈነዳ። ሴራሚኩን አስፈርሼ እንደ አዲስ አሠራሁት፤ በብድር። መጨረሻ ላይ መሸጥ ግድ ሆነ። ገዢ ደግሞ የቸኮለ ሻጭ ከሩቅ ይሸተዋል። በገዛሁበት ዋጋ ሸጥኩት፤ የደላላውን ስትቀንስ ከስሬያለሁ።

የሚያናድደኝ ምን መሰለህ? ከ2 ዓመት በኋላ ዋጋው እኔ ካልኩትም በላይ ሄደ። ግምቴ ልክ ነበር! እስከዚያ የምቆይበት አቅም ነው ያጣሁት። አሁን ቤት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ኪራዩ ቤቱን ይችለዋል ወይ ብዬ ነው።

መልስ 2
ልክ ነው፤ ግን ከአሮጌው ቤት ኪራይ ለባንክ ተከፍሎ የምትተርፈው 45 አታጓጓህ። ግብሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጥገናው፣ ባዶ የሚቆምበት ወር ሁሉ ከእሷ ነው የሚወጣው። የእኔን የ2 ዓመት ትርፍ አንድ ጣሪያ በልቶታል።

መልስ 3
በ5 ዓመት እጥፍ እንዲሆን በየዓመቱ 15 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ላም አለኝ በሰማይ ነው። 20 በመቶ ከፍለህ ሌላውን ከተበደርክ ደግሞ፣ ዋጋው 20 በመቶ ሲወርድ የከፈልከው በሙሉ ሄደ ማለት ነው። "ቤት አይወርድም" ለሚሉህ፦ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ የመሬት ዋጋ ከ10 ዓመት በላይ ወርዷል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። የአሮጌውን ቤት ባለቤት የ3 ዓመት የጥገና ደረሰኝ ጠየቅኳቸው። "ጣሪያው አምና ነው የተቀየረው" አሉኝ። ደረሰኙ ግን እስካሁን አልመጣም።