የኤሌክትሪክ ሥራ ልምዴን በምን ላስረዳ?

የጠባሴው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ ደረጃ 3 ጨርሼ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፌያለሁ። ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም. በአንድ ንዑስ ተቋራጭ ሥር ስሠራ ቆየሁ። ኮንዲዩት (የገመድ ቱቦ) ከመቅበር ጀምሬ ፓኔል ቦርድ (የብሬከር ሳጥን) እስከ ማሰር ደርሻለሁ። አሁን ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ማውጣት እፈልጋለሁ። ድርጅቱ የሰጠኝ ደብዳቤ ግን «በድርጅታችን በሠራተኛነት አገልግለዋል» ይላል፤ በቃ። ጥበቃም ሹፌርም ይህንኑ ይዞ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ በቀን ሂሳብ፣ በእጄ ነበር የሚከፈለኝ። ፔሮል ውስጥ የገባሁት ኋላ ነው። ቢሮው ከዚህ ለቋል፤ ባለቤቱ ግን አዲስ አበባ አሉ፣ ስልክም ያነሳሉ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ፎርማን ከሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ ደብዳቤውን አይቼ ሳይሆን ገምቼ ተናደድኩልህ። በደብረ ብርሃን ብርድ ገመድ ሲስብ የከረመ ሰው ልፋቱ በአንድ መስመር ሲጠቀለል ያንገበግባል።

ባለቤቱ ስልክ ካነሱ ሥራው ቀላል ነው። «እንደገና ይጻፉልኝ» ብቻ አትበላቸው፤ ያንኑ ነው የሚደግሙልህ። ረቂቁን አንተው ጽፈህ ውሰድላቸው። የሥራ መደብህ ይኑርበት። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራህ ቀንና ወር ሳይቀር ይጻፍ። ከዚያ ዋናው ይመጣል፦ ሥራው። የት ሳይት? ምን ዓይነት ሕንፃ? የ220 ቮልት ብቻ ነው ወይስ ባለ ሦስት ፌዝ 380ም ነክተሃል? የመስመር ዝርጋታ፣ ብሬከር አመራረጥ፣ ኧርዚንግ (ከመሬት ማገናኘት)፣ በሜገር የገመድ ሽፋን ፍተሻ፣ ሞተር ማስነሻ፤ የሠራኸውን በስሙ ጥራው። ያልሠራኸውን ግን አንዲት ቃል አትጨምር። ስታር ዴልታ (የሞተር ማስነሻ ዘዴ) ብለህ ጽፈህ ጠያቂው «እስኪ ሳለው» ቢልህ ትክክለኛው ልምድህም ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል።

ወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም መሟላታቸውን እዚያው ቆመህ እይ። የዘመን አቆጣጠሩንም ልብ በል። አንዱ ወረቀት በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ከሆነ የሠራህበት ዘመን የተምታታ ይመስላል። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ ይለይ። ስምህም ሲኦሲው ላይ ካለው ጋር በፊደል አንድ ይሁን።

የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን፦
ፎርማኑ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የሕጉን ልጨምር። ማስረጃው መብትህ ነው፣ ውለታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጠው ያዛል። «የሥራውን ዓይነት» የሚለውን ያዝ። አሁን እጅህ ላይ ያለው ደብዳቤ የሚጎድለው እሱ ነው። የጽሑፍ ውል ስላልነበረህም መብትህ አይቀርም።

ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ባለቤቱ ጋ ስትሄድ ስምህ ያለበትን የፔሮል ቅጂም ጠይቃቸው። የጡረታ መዋጮም አለ፤ ካንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ገቢ ተደርጎልህ ከሆነ በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና በኩል መዝገብ ይኖርሃል። ማንም በኋላ ተነስቶ ሊፈጥረው የማይችል ማስረጃ ነው።

የጠባሴው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። በእጅ የተከፈለኝን ጊዜስ ምን ላድርገው? ያን ጊዜ የትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ ነበርን። የአማካሪው መሐንዲስ በደንብ ያውቀኛል፤ ፓኔሉን ያሰርኩት እሱ ቆሞ እያየ ነው።

ፎርማን ከሸዋ ሮቢት፦
እሱን ጊዜ ከፔሮሉ ጋር አትደባልቀው። ለብቻው፣ በቀን ሂሳብ መሆኑ ሳይደበቅ ይጻፍ። ከአማካሪ ድርጅቱም በማኅተም ደብዳቤ ጠይቅ፤ ቆሞ ያየህ ሰው ቃል ክብደት አለው። የአሠሪህን ደብዳቤ ይደግፋል እንጂ አይተካም። የርክክብ ሰነድ ወይም የሳይቱ የዕለት መዝገብ ላይ ስምህ ካለ ቅጂውን አያይዘው። በስልክህ ያነሳኸው የፓኔሉ ፎቶም አይጥፋ፤ ስለ ሥራው ስትጠየቅ ያስታውስሃል።

ከባለቤቱ በፊት ግን ለመሐንዲሱ ደውል። መሐንዲስ ከፕሮጀክት ፕሮጀክት ሲዛወር ስልኩም አብሮ ይቀየራል።